ፍሬቢሱ ቤዝ ጊታር

አክስቴ ዝቅ ብላ አልዘፈነችም። ሌላውን ከመናገሬ በፊት ይህ ይታወቅልኝ። ዝቅ አለች ያሉት ሰዎች ጆሯቸውን የክብሪት ሳጥን ለምታክል ማሽን አከራይተው ሲያበቁ ነው። በገዛ ጆሮው ሰምቶ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተነሳው ባንዳችን በሚለማመድበት የወረቀት መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ የማተሚያ ቤት ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ይፈቀድልናል፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ጥቅል ወረቀት ጩኸታችንን ስለሚውጠው ጎረቤት አይጣላንም። አክስቴ ትዘፍናለች፤ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ድራመራችን ቀን ቀን አውቶቡስ ይነዳል፤ እጁም አፉም ሥራ መፍታት አያውቁም። ከአክስቴ ኋላ ቆማ የምትቀበል አንዲት ወጣት አለች። ድምፀ መልካም ናት፤ ሰው ፊት ስትናገር ግን ጫማዋን ነው የምታየው። ኪቦርድ የሚጫወተውና ባንዱን የሚመራው ዳኛው ነው። ዳኛው ቅጽል ስሙ ነው። ጨዋታ መሀል ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ በፉጨት ስለሚያስቆመን ድራመሩ ያወጣለት ሲሆን፣ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ወደደው።

የአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኞች ክበባቸውን አድሰው ሲከፍቱ እንድንጫወትላቸው ጠርተውናል። ከምንጫወተው ሁሉ የሚጠበቀው የአክስቴ ዝግ ያለ ዘፈን ነው። ከእናቷ የተቀበለችው ዘፈን ነው። ሦስተኛው ስንኝ ሲያልቅ «ና» ብላ አንዲት ፊደል ትይዛለች፤ ርቆ የሄደ ሰው የምትጠራበት ነው። ያቺን «ና» ከኪቦርዱ ድምፅ ጥቂት ወረድ ታደርግና እዚያው ትቆምባታለች። ስንት ዘመን እንዲህ ስትዘፍን ሰው አልቅሶ እንጂ ከስሶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ዳኛው አዲስ ቱነር ይዞ መጣ። ቱነር የድምፅ ልክ የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ልክ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ቀይ ታበራለች። የጊታር ክር እንድትቃኝ የተሠራችውን ዕቃ አክስቴ ፊት አቆማትና ዘፈኑን አስጀመረ። «ና» ላይ ሲደረስ ቀይ በራ። ፉጨቱን ለቀቀው።

ለአክስቴ አክብሮት አያጓድልም። ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ ነገር የለም፤ ሰውን «እርስዎ» እያሉ መናቅ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ድምፅዎ ወርዷል። ዕድሜ ነው፤ ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ዘፈኑን ለልጅቷ እንስጣትና እርስዎ ከኋላ ይቀበሏት።»

አክስቴ ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ የሚጮኽባትን ሁሉ «ይጠብቁ» ስትል የምትውል ሴት ናት፤ ቁጣዋንም ማስጠበቅ ታውቅበታለች። ማይኩን ማቆሚያው ላይ መለሰች፤ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቦርሳዋን ያዘችና ወጣች። ልጅቷ ጫማዋን አየች።

እኔ ማስጠበቅ አልችልም። ደሜ ፈላ። የወረደችው እሷ ሳትሆን ኪቦርዱ ነው እሷ ያለችበት መድረስ ያቃተው አልኩት።

«ማሽን ይዋሻል?» አለኝ።

«ማሽኑ አልዋሸም። ውሸታሙ ያንተ ጥያቄ ነው። ‹ከኪቦርዱ ጋር አንድ ነሽ ወይ› ብለህ ጠየቅሃት፤ አይደለሁም አለችህ። ‹ልክ ነሽ ወይ› ብሎ የጠየቃት ማን ነው?»

ሳቀ። «እንግዲያው እንቁጠር። ኪቦርዱና ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ እሷ ሌላ ቦታ ናት። ሁለት ለአንድ። ያውም አንደኛው ምስክር ያንቺው ቤዝ ነው።»

ይህቺ ወጋችኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነበረች። ቤዜ ፍሬት አለው። ፍሬት የሚባሉት በጊታሩ አንገት ላይ አግድም የተቀበሩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። ጣት ከዘንጉ ኋላ ሲጫን ክሩ ዘንጉ ላይ ያርፋል፤ ድምፁም ዘንጉ ባለበት ቦታ ይወሰናል። ጣትህን ወዲህ ብታደርግ ወዲያ ያው ነው። ክሩን በጉልበት ጎትተህ ድምፁን ከፍ ማድረግ ትችላለህ፤ ዝቅ ማድረግ ግን አትችልም። ጀማሪ እንዳይስት የሚጠብቀው ይህ ዘንግ ነው፤ አክስቴ የቆመችበት ቦታ እንዳልደርስ የሚከለክለኝም እሱው ነው። እሷ ከሁለት ዘንጎች መሀል ቆማ ትጣራለች፣ የእኔ ቤዝ በር ዘግቶ ከዳኛው ጋር ይመሰክርባታል።

«ቤዙን ከአንተ ወገን አወጣዋለሁ» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ሲገባው ሳቁን አቆመ። ዘንጎቹን ነቅዬ ልጥላቸው እንደሆነ አወቀ፤ ይህ ደግሞ ተነቅሎ ሲያበቃ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። ቢሆንም ወደኋላ አላለም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻው ልምምድ ላይ ቤዙና አክስቴ አንድ ቦታ ተቀምጠው ጆሮው ካልጎረበጠው ዘፈኑ የእሷ ይሆናል፤ ከጎረበጠው ልጅቷ ትዘፍናለች፣ አክስቴ ከኋላ ትቀበላለች፣ እኔም አፌን እይዛለሁ። እሺ አልኩ። ሁሉም ሰሙ። ያልሰማችው አክስቴ ብቻ ነበረች።

ወንድም ጋሼ የጥርስ ቴክኒሻን ነው። ጥርስ ላጡ ሰዎች ጥርስ ይሠራል። የሥራ ክፍሉ መደርደሪያዎች በጀሶ መንጋጋ የተሞሉ ናቸው፤ ስትገባ ግድግዳው በሙሉ ይስቅብሃል። እጁን የሚስተካከል እጅ በከተማው እንደሌለ ራሱ ይነግርሃል፤ ሳትጠይቀውም ይነግርሃል። ጊታሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ክሮቹን ካወረድኩ በኋላ ፍሬቶቹን በሙሉ እንደምነቅል ስነግረው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«በሽተኛው ፈቅዷል?»

«ፈቅዷል።»

«ማደንዣ ልውጋው?»

«ወንድም ጋሼ፣ ጉጠቱን አምጣ።»

«አይ እህት ዓለም፣ ደህና ጥርሱን በሙሉ የሚያስነቅል ሰው ገና ዛሬ አየሁ» እያለ መሳቢያውን ከፈተ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ግን ሳቁ ቆመ። እኔም እሱም ያደግነው አክስቴ ቤት ነው። ምን እንደተባለች፣ «እትዬ» ተብላ እንደተባለች፣ ከማን ኋላ እንድትቆም እንደተፈረደባት ደግሜ አስነገረኝ። ከዚያ ለሰው እንደሚያደርገው እጁን በሳሙና ታጠበ።

የመጀመሪያውን ዘንግ የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ በንዴት ነቀልኩት። ዘንጉ ሲወጣ ከግራና ከቀኙ የእንጨት ስንጣሪ ይዞ ወጣ። ወንድም ጋሼ ጉጠቱን ከእጄ ወሰደ። «ጥርስ በቂም አይነቀልም» አለኝ። «ዳኛውን በር ላይ አስቀምጪውና ተመለሽ።» ስንጣሪዎቹን በወረንጦ እየለቀመ በየቦታቸው አጣበቃቸው፤ ሲጨርስ የተሰበረው የት እንደነበር እኔም አላገኘሁትም። ቀጥሎ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ጫፉ የሚግል ብረት አመጣ። ዘንጉ ላይ አሳርፎ ያሞቀዋል፤ ሥሩ ያለው የድሮ ሙጫ ይለሰልሳል፤ ያኔ ከጠርዙ በኩል ጉጠቱን አስገብቶ እያባበለ ብቅ ያደርገዋል። አሳየኝና መልሶ ሰጠኝ። ቀሪዎቹን በሙሉ እኔ አወጣኋቸው፤ አንድም ስንጣሪ አልተከተለኝም። ዘንጎቹ ብረት ሳህን ላይ እየወደቁ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ወንድም ጋሼ በእያንዳንዱ «ይትፉ» ይላል፤ ለሕመምተኛ ከነቀላ በኋላ የሚባለውን።

ባዶ የቀሩትን ስንጥቆች እንዲሁ መተው አይቻልም፤ አንገቱ ይላላና ይጎብጣል። ሰዎች በስስ እንጨት ይሞሏቸዋል። እኛ የሞላናቸው ለጥርስ በሚሆነው ነገር ነው፤ ዱቄትና ፈሳሽ ሲደባለቁ እንደ ሊጥ ይሆንና ሳይቆይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ወንድም ጋሼ ለደንበኞቹ የሚያሳየውን የጥርስ ቀለሞች ናሙና ደርድሮ ለወጣት ይሁን ለሽማግሌ ጠየቀኝ። በጣም የነጣው ጊታሩን የሠርግ ፎቶ ያስመስለዋል አልኩ። መጨረሻ ላይ ሲጋራና ሻይ የለመደ ጥርስ ዓይነት፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን መረጥኩ። ጥቁሩ አንገት ላይ ዘንግ በነበረበት ሁሉ አንዳንድ የጥርስ መስመር ቀረ። መስመሩ ለዓይን ነው፤ ጣት አይነካውም፣ ክርም አያርፍበትም።

ማለስለሱ ላይ ተጣላን። እሱ ጥርስ የሚሞርድበትን ሞተር ሊያስነሳ ፈለገ። እኔ እምቢ አልኩ። ሞተር አንድ ቦታ ጎድጎድ ካደረገ ክሩ ሌላ ቦታ ይንጫጫል፤ የጊታር አንገት እንደ ጥርስ በአንድ ንክሻ የሚታይ ሳይሆን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ሆኖ የሚሰማ ነገር ነው። እጁን የሚስተካከል እጅ እንደሌለ አስታወሰኝ። ጥርስ ላይ እንደሌለ አስታወስኩት። አኮረፈና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ ጠቅልዬ አንገቱን በቁመቱ እየተከተልኩ፣ የፊቱን ጉብታ ሳላጠፋ ፈገፈግኩት። ከሻካራው ወደ ልሙጡ ወረቀት፣ ከልሙጡ ወደ ባሰው ልሙጥ እየተሻገርኩ ትከሻዬ እስኪዝል ፈገፈግኩ። ወንድም ጋሼ ሲመለስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን አንገቱ ላይ ከላይ እስከታች አሳለፈ። መስመሮቹ የት እንዳሉ በእጁ አላወቀም። ምንም አላለም፤ ከእሱ ይህ ሜዳልያ ነው። የቀረውን አብረን ሠራነው። የብረት ክር እንጨቱን እንዳይበላው ሱፐር ግሉ የሚባለውን ሙጫ በስሱ እየቀባን ደራረብንበት፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያብረቀርቅበት ቅባት ወለወልነው፤ ክሮቹ ከራስጌው የሚያልፉባቸውን ቦዮች በሞረድ ዝቅ አደረግናቸው።

ክሮቹን መልሼ ወጥሬ አንዷን መታሁ። ድምፁ እንደ ድሮው ተቆርጦ አልወጣም። ተነሳ፣ ሞላ፣ መጨረሻው ላይ ከንፈር ገጥሞ እንደሚከፈት አፍ ሆነ። የጀሶ መንጋጋዎቹ መሀል ጊታሩ አፍ አወጣ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራ ሰው አጠገቤ እንዳልነበረም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ወንድም ጋሼ ይቀየም።

መጋዘኑ ውስጥ ይዤው ስገባ መጀመሪያ ያየው ድራመሩ ነው። አንገቱን በጣቱ ዳሰሰና ዘንጎቹን ፈለገ።

«ፍሬቱስ?»

«የለውም።»

«ፍሬት የለውም?» አለና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ፍሬቢስ በሉታ!»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ሳትቀር በእጇ አፏን ሸፈነች። ቋንቋችን ለማይረባ ነገር ሁሉ ያዘጋጀው ቃል እንዲህ ተስተካክሎ ጊታሬ ላይ ሲያርፍ ምን ልበል? ተናደድኩ፤ ቀልዱ ጥሩ ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ስሙ በዚያው ጸና።

ያን ቀን ስሙን አላስተባበልኩትም። ዘፈኑን ጀመርን፤ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ የነካሁት ሁሉ ወረደ። «ና» ላይ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ቦታ ወረደ። ከኪቦርዱ ወረደ፤ ከአክስቴም ወረደ። እሷ ከልጅቷ ኋላ ቆማ እየተቀበለች ነበር፤ መምጣቷም እኔ ለምኛት ነው። «ና» ስትደርስ የእኔ ድምፅ ከእሷ በታች ሆኖ የማገኛት መስሎኝ ጣቴን እያንሸራተትኩ ወደ ላይ ሮጥኩ። ስደርስ እሷ ጨርሳ ነበር። ዳኛው ሳያፏጭ ቀረ፤ ማፏጨትም አላስፈለገውም። ማሽኗን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «አሁን ሁለታችሁም ወረዳችሁ» አለ፤ በጣም ተደስቷል።

ወደ ቤት አብረን ነው የሄድነው። የጫማ መደብሮቹን አልፈን፣ አጥሩ የፈረሰውን ትምህርት ቤት አልፈን፣ የፋርማሲው መብራት ሥር ስንደርስ ቆመች።

«ተወራርደሽብኛል አሉ።»

ድራመሩ ነግሯታል፤ የእሱ አፍ። ለእሷ ብዬ እንደሆነ ልነግራት ጀመርኩ።

«ለእኔ ብለሽ ማን አለሽ? ሳትጠይቂኝ!» ስልክ ላይ የምትናገርበት ድምፅ አልነበረም። «ዛሬ ደግሞ በሽተኛ እንደሚደግፍ ሰው ከኋላ ከኋላዬ ስትዪ ነበር። እኔ ከደረስኩ በኋላ ትደርሺያለሽ። እዚያች ቦታ ወድቄ የደረስኩ መስሎሻል? አውቄ ነው የምሄደው። እናቴም አውቃ ነው የምትሄደው። ቦታውን የምታውቂው ከሆነ ቀድመሽ ቁሚና ጠብቂኝ። የማታውቂው ከሆነ ተይኝ፤ ከኋላ ቆሜ ላጨብጭብ። ተደግፌ ከምዘፍን ማጨብጨብ ይሻለኛል።»

ቦርሳዋን አጠበቀችና ቀድማኝ ሄደች። ደጋፊ ሆኜ እንድከተላት እንደማትፈልግ ነግራኛለችና ራቅ ብዬ ተከተልኳት።

በማግስቱ ጧት የልብስ ቁም ሣጥኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የጊታሩ ራስ የሣጥኑን በር ሲደገፍ እንጨቱ ድምፁን ይቀበላል፤ ያለ አምፕሊፋየር ቤቱ ይሞላል። ቀስ ብዬ አንድ ድምፅ ያዝኩና ሳላነሳ ወደ ጣቴ አየሁ። ጣቴ ያረፈው ከመስመሩ ወዲህ ነበር። ሁሌ እንደማደርገው፣ እንደተማርኩት፣ እንዳስተማርኩትም። ፍሬት ባለው ጊታር ጣት ዘንጉ ላይ አይወጣም፤ ከኋላው ክፍል ውስጥ ይቆማል፤ ድምፁን የሚሠራው ዘንጉ ነው። አሁን ዘንግ የለም። ድምፁን የሚሠራው ጣቴ ራሱ ነው። እኔ ደግሞ የበሩ ደፍ ተነቅሎ ሳለ እንደ ድሮው ከክፍሉ ውስጥ ቆሜ ነው የማንኳኳው! በዚህ የሚሳሳተው የለመደ እጅ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ጀማሪ አይሳሳትም። ጣቴን ወደ ፊት ገፍቼ የጥርሱ መስመር ላይ፣ ልክ አናቱ ላይ አሳረፍኩት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ማንጠልጠያዎች ተንቀጫቀጩ።

ይህ መስመሮቹን ፈታልኝ። «ና»ን አልፈታልኝም፤ «ና» መስመር ላይ የለችም። ምሳ ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ።

«ማዞሪያ፣ ማንን ልጥራልዎ?» አለችኝ።

እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት፤ አኩርፋ ነበር፣ አልዘጋችብኝም። «ና»ዋን ስጪኝ አልኳት። ሥራ ላይ ነኝ አለች። አንዴ ብቻ አልኳት። «ይጠብቁ» አለች፤ የሌላ ሰው ስልክ ስታዞር፣ ወንበር ሲንሸራተት፣ በር ሲገጠም ሰማሁ። ከዚያ በዚያ ቀጭን ሽቦ ውስጥ፣ ዘፈኑም ሳይኖር፣ ቃናም ሳይሰጣት፣ «ና» አለች። የራሴን ቱነር ከስልኩ አፍ ላይ ደቅኜ ነበር። ቀይ በራ፤ ልኩን የምታሳየው መርፌዋ ከመሀል በግራ፣ በሚወርደው በኩል ቆመች። በማግስቱ ደግሜ ደወልኩ። መርፌዋ እዚያው ቆመች። በሦስተኛው ቀን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ መርፌዋ እዚያው፣ የፀጉር ያህል ሳትዛነፍ እዚያው።

አሁን ንገሩኝ። ልኩን የሚስት ሰው በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ይስታል? በጉንፋን፣ በስልክ፣ ያለ አጃቢ፣ እየሳተ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል? ያ መሳት ከሆነ ዳኛው አረንጓዴ የሚያበራው ነገር ምን ሊባል ነው? አክስቴ ከፋብሪካ የወጣ ፍሬት ያልተተከለበት ቦታ ላይ የራሷን ፍሬት ተክላለች፤ ከእናቷ ጉሮሮ የተረከበችው ነው። ጣቴን ወስጄ እዚያ ቦታ ላይ አስተማርኩት። ሳላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወንበሬን ቀይሬ፣ ቆሜ፣ ደክሞኝ። መስመር የሌለበት ቦታ ስለሆነ የማምነው ነገር ጆሮዬና ጣቴ ብቻ ነበሩ። ጣቴ ጫፉ ተላጠ፤ ቦታውን ግን አወቀው።

የመጨረሻው ልምምድ ቀን ዳኛው ማሽኗን ኪቦርዱ ጫፍ ላይ አስቀመጣት። አክስቴ ማይኩ ፊት መጣች። ልጅቷ ሳትጠየቅ ለቀቀችላት፤ ቀድሞም ያቺ «ና» እንደማትሆናት ለድራመሩ ነግራው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ጀመርን። ሦስተኛው ስንኝ ሊያልቅ ሲል አክስቴ አየር ስትስብ እኔ ገባሁ። ቀድሜ ቆምኩ። እሷ መጥታ ላዬ ላይ ተቀመጠች።

ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ነው የተቀመጠችው፤ ወንበሩ መኖሩን ዞር ብላ ሳታይ። የእኔ ድምፅና የእሷ ድምፅ አንድ ወፍራም ነገር ሆኑ። እላያቸው ላይ ደግሞ አንድ የሚቧጥጥ ነገር ነበር፤ ጥፍር ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ ዓይነት። ሁላችንም ፊታችንን አኮሳተርን። የሚቧጥጠው ኪቦርዱ ነበር።

ዳኛው ጣቶቹን ወደ አፉ ወሰደ። አላፏጨም። እንደገና ብሎ አስጀመረን። እንደገና ያው ሆነ፤ እኛ አንድ ቦታ፣ እሱ ለብቻው።

«ዳኛው፣ ሁለት ለአንድ ነው» አለ ድራመሩ ዱላውን እያሽከረከረ።

ዳኛው ሦስተኛ ጊዜ ሲያስጀምረን «ና» ላይ ስንደርስ ሁለት እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ቧጣጩ ድምፅ ጠፋ። ማሽኗ ቀይ እንዳበራች ናት፤ እሱ ግን ወደ ማሽኗ አላየም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማ ነበር። ጨርሰን ስናበቃ «ኪቦርዱ እዚያ መውረድ አይችልም» አለ። «እኔ ግን እጄን ማንሳት እችላለሁ። እትዬ፣ ዘፈኑ የእርስዎ ነው።» ይህችን አልነፍገውም። ብዙ ሰው ጆሮው ከሰማ በኋላም እጁን አያነሳም።

አክስቴ አላመሰገነችውም። ዘፈኑ ትናንትም የእሷ ነበር፤ ምን ብላ ታመስግነው? ይልቁንም ኪቦርዱ በዘፈኑ ሙሉ እንዲቀር፣ ድራሙም እንዲቀር፣ በቤዝ ብቻ እንደምትዘፍነው ነገረችው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት? አለ ዳኛው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ አለች። ማን ያስጀምርዎታል ብሎ ሲጠይቃት ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ለእሷ ብቻ ነበር የፈራሁት።

የጋራዡ ሠራተኞች አዳራሽ አዲስ ቀለም ይሸታል። ሰዎቹ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ ግራሶ ያልለቀቀውን ጥፍራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወንድም ጋሼ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለግራና ቀኙ ሰው ወደ ጊታሩ እየጠቆመ ይናገራል፤ ምን እንደሚል አያጠራጥርም። መብራቱ ከላይ ስለሚወርድ የጥርስ መስመሮቹ አብለጨለጩና ዓይኔን ወጉኝ፤ ከቆምኩበት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጨፈንኩ። ከእኔ በፊት ድምፅ ያሰማ፣ የምደገፈው፣ የማመሳክረው ነገር አልነበረም። ጣቴን አሳረፍኩና መታሁ።

ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ከማንም ሳልሰማ አወቅሁ።

አክስቴ ዘፈነች። አንደኛው ስንኝ፣ ሁለተኛው ስንኝ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ቀድሜ ቆምኩላት፤ እሷም መጥታ «ና» አለች። በልምምድ ከምትይዛት በላይ ያዘቻት። ድምፄ ሊከስም ሲል ክሩን ደግሜ መታሁት፤ ጣቴን ከቦታው ሳላነሳ። እሷም አልለቀቀችም። በጎን አየችኝ። ልታደክመኝ እንደፈለገች ገባኝ፤ ቀድመሽ ቁሚ ያለችው ሴት እስከ መቼ እንደምቆም ልታይ ነው። ደግሜ መታሁት። የተላጠው ጣቴ ይቃጠላል፤ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፤ ኪቦርዱ ጋ ዳኛው እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አፉን ከፍቶ ያየናል። ከሁለታችን አንዳችንም የፀጉር ያህል አልተዛነፍንም።

ቀድማ የተነፈሰችው አክስቴ ናት። እሷ እስከ ዛሬ ትክዳለች።